ኮያሳን በአንድ ቀን፣ በጥቅምት፣ እናቴን ይዤ፦ ይሆናል ወይስ ልተወው?

የኦሳካዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ኦሳካ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። እናቴ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። በሴኡል አድርጋ ቶኪዮ ናሪታ ትገባለች፣ ከዚያ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን ይዣት እመጣለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ "ኪዮቶ ውሰጃት" ይለኛል። ኪዮቶ ግን በጥቅምት አጋማሽ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ በደንብ የሚቀላው በኅዳር ነው። ግፊያው ደግሞ እሷን ቀርቶ እኔንም ያማርረኛል።

አንዲት የላብራቶሪ ጓደኛዬ ኮያሳንን ጠቆመችኝ። ተራራ አናት ላይ ያለ የቡድሃ ገዳማት ከተማ ነው። ከፍታው ከ800 ሜትር በላይ ስለሆነ ቅጠሉ ቀድሞ ይቀላል አለችኝ። ማደር አቅሜ አይፈቅድም፣ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን ብዬ ነው። ያዋጣል? እማዬ ስድሳን አልፋለች። ጉልበቴን አመመኝ ትላለች፣ እንጦጦ ማርያም ሲሆን ግን ማንም አይቀድማትም። ጽጌንም ትጾማለች። ዋናው ጭንቀቴ ሌላ ነው፦ በሩ ላይ ደርሰን "ጣዖት ቤት ምን ልታደርጊኝ አመጣሽኝ?" ብትለኝስ?

የሄዳችሁ ንገሩኝ።

ባቡር_ወዳድ

መንገዱን እኔ ልንገርሽ፣ የነፍሱን ጉዳይ ለሌሎች ትቻለሁ።

ከናምባ የናንካይ ኮያ መስመርን ያዢ። ልዩ ፈጣኑ ባቡር 80 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት ወንበር ቀድሞ ይያዛል። ተራው ብዙውን ጊዜ ሀሺሞቶ ላይ ያስቀይራል፣ ወደ 100 ደቂቃ ነው። ከሀሺሞቶ በኋላ ሐዲዱ ገደሉን ታክኮ እየተጠማዘዘ፣ ከዋሻ ዋሻ እየገባ ነው የሚወጣው። ባቡሩ እዚያ ጋ ይንቀረፈፋል፣ እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። እናትሽን መስኮት ጋ አስቀምጫት።

የባቡሩ መጨረሻ ጎኩራኩባሺ ነው። ከዚያ በገመድ የሚጎተተው ኬብል ካር በ5 ደቂቃ ወደ 330 ሜትር ሽቅብ ያወጣችኋል። ላይ ስትደርሱ "ቅርብ ነው፣ በእግር እንሂድ" እንዳትሉ። ከጣቢያው ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ የአውቶቡስ ብቻ ነው፣ እግረኛ አይፈቀድም። ባቡሩን፣ ኬብሉንና የተራራውን አውቶቡስ አንድ ላይ የያዘ ትኬት አለ፤ ናምባ ላይ ጠይቂ።

ጃኬት ያዙ። ኦሳካ በሸሚዝ የምትሄጂበት ቀን እዚያ ላይ ጋቢ ያስመኛል።

ኪዮቶ_ነዋሪ

እኔ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ኮያሳን የአንድ ቀን ቦታ አይደለም። ተራራው ላይ 117 ገዳማት አሉ፣ ሃምሳ የሚሆኑት እንግዳ ያሳድራሉ። የሚያድር ሰው ጠዋት ከመነኮሳቱ ጋር ጸሎት ይቀመጣል፣ ማታ ፋኖስ በበራበት የመቃብሩ መንገድ ይሄዳል። ደርሶ መላሹ ግን ረፋድ ላይ ከሕዝቡ ጋር ይወጣል፣ ከሕዝቡ ጋር ምሳ ይሰለፋል፣ አመሻሹ ላይ ከሕዝቡ ጋር አውቶቡስ ይጠብቃል። ቤተ መቅደሶቹ በጃፓን ሰዓት 17፡00 ላይ ይዘጋሉ፣ በዚያ ወቅት ፀሐይዋም የምትጠልቀው ያኔ ነው። ምኑን አየሽው?

ገንዘቡን አጠራቅመሽ እደሩ፤ ምክሬ ይሄ ነው።

የኦሳካዋ

ወንድሜ፣ ለሁለት ሰው ከነእራቱ ከነቁርሱ የሚጠይቁትን አይቼዋለሁ። በስኮላርሺፕ ብር የማይታሰብ ነው። ወይ አንድ ቀን ነው፣ ወይ ሌላ ቦታ።

ጋሼ_ናራ

ልጄ፣ እኔ ናራ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ኮያሳን አድሬም አይቼዋለሁ፣ ውዬም ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ይበቃል፣ ሁሉን ልይ ካላልሽ። የሚያደክመው ተራራው አይደለም፣ በቱሪስት ካርታው ላይ ያለውን ሁሉ ለመርገጥ መሮጥ ነው። ወጥተሽ በቀጥታ ኦኩኖይን፣ ማለትም ወደ መቃብሩ ስፍራ ሂጂ። ግማሽ ቀን ስጪው። ከዚያ ጋራን፣ ዋናዎቹ ቤተ መቅደሶች ያሉበት ግቢ። የቀረውን ተይው።

ለምን ኦኩኖይን? የተራራው ነገር ሁሉ ከዚያ ስለሚነሳ ነው። ኩካይ የሚባል መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ804 ባሕር ተሻግሮ ቻይና ሄደ። ቻንግአን ላይ ሁይጉዎ ከሚባል መምህር ተምሮ በ806 ተመለሰ። በ816 ንጉሠ ነገሥቱ ሳጋ ይህን ተራራ ሰጡት፣ ገዳሙን መሠረተ። ሺንጎን የሚባለው የቡድሃ እምነት ክፍል መነሻው እሱ ነው። በ835 ዐረፈ እንል ነበር፣ ተከታዮቹ ግን አልሞተም ነው የሚሉት። ኦኩኖይን መጨረሻ ላይ ባለው ዋሻ ውስጥ እስከ ዛሬ በተመስጦ ተቀምጧል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ምግብ ይወስዱለታል። በየቀኑ፣ ሁለት ጊዜ፣ በጃፓን ሰዓት 6፡00 እና 10፡30። መነኮሳቱ በእንጨት ሳጥን ተሸክመው ድልድዩን ሲሻገሩ ታያለሽ። ውስጥ የሚገባው አንድ መነኩሴ ብቻ ነው፣ እሱም ያየውን አይናገርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደዚያ ተራራ ሴት አትወጣም ነበር። ክልከላው በመንግሥት አዋጅ የተነሣው በ1872 ነው፣ ሴቶች እንደ ልብ መኖር የጀመሩት ግን ከዚያም ዘግይቶ ነው። ከተማውን በከበበው ሸንተረር ላይ ሴቶች ከውጭ ሆነው የሚጸልዩባቸው ቤቶች ነበሩ፣ አንዱ ዛሬም አለ። አውቶቡሱ ከጣቢያው ወደ ከተማው ሲገባ በሩ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ኒዮኒንዶ ይባላል። እናትሽ ደብረ ዳሞን ስለምታውቅ ታሪኩን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ልዩነቱ፣ ደብረ ዳሞ ዛሬም ሴት አትወጣም።

ባቡር_ወዳድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ለ10፡30ው መድረስ ከፈለግሽ ከናምባ በጃፓን ሰዓት ከ7፡00 በፊት ተነሺ፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ለኦኩኖይን ሁለት የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ኢቺኖሃሺ ላይ ከወረድሽ እስከ ኩካይ መቃብር 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥንታዊው መንገድ እሱ ነው። ኦኩኖይንማኤ ላይ ከወረድሽ መንገዱ ያጥራል፣ ለጥ ያለም ነው። ለእናትሽ በአጭሩ ግቡና ጉልበቷ ከፈቀደ በረጅሙ ውጡ።

ተሟጋች

ይቅርታ፣ ስለ ባቡርና ስለ ቅጠል ብቻ ነው የምታወሩት? ልጅቷ ትልቅ ጥያቄ ጠይቃለች፣ ማንም አልመለሰላትም። ጾም የምትጾም እናትን ጫማ አስወልቆ ጣዖት ፊት ማቆም ጉብኝት ነው? አልሞተም ብለው ምግብ የሚያቀርቡለት ሰው ጋ ምን ጉዳይ አላት? ጃፓን ተፈጥሮ ሞልቶላት የለ? ሐይቅ ውሰጃት።

ሀያት_ናጎያ

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሄጃለሁ፣ እምነቴም እንዳለ ነው። ማንም ስገጂ አላለኝም። ዕጣን አልጫርኩም፣ ሳንቲም አልወረወርኩም። ሰው ሲጸልይ ዞር ብዬ ቆምኩ፣ አለቀ።

ስለ ምግቡ ግን ልንገርሽ፣ እሱ ነው የሚያስቸግረው። የመነኮሳቱ ምግብ ሾጂን ርዮሪ ይባላል። ሥጋ የለው፣ ዓሣ የለው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። መረቁን የሚያወጡት ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። በእሱ እናትሽ ትደሰታለች። ከሰሊጥ የሚሠሩት ጎማ ዶፉ አለ፣ ስሙ ቶፉ ይባል እንጂ አኩሪ አተር የለበትም፤ ሰሊጥና ኩድዙ የሚባል ተክል ስታርች ነው። አፍ ላይ ይሟሟል። ደርቆ የሚቀመጠው ኮያ ዶፉም ስሙን ያገኘው ከዚህ ተራራ ነው።

ከተማው ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ግን ሾጂን አይደለም። ሶባና ኡዶን የሚባሉትን ኑድሎች የሚሸጡት መረቃቸው የዓሣ ነው፣ ላይ ሆኖ አይታይም። በዚያ ላይ ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ አልኮል አለበት፣ እኔ ሁሌ የምጠይቀው እሱን ነው። "ሥጋ የለውም" ሲሉሽ አትርኪ፣ "ዳሺው (መረቁ) ከምንድን ነው?" በይ።

ኪዮቶ_ነዋሪ

የዓሣው ነገር እንደ ሰዉ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ። የማይበላም አለ።

ተሟጋች

በጾም ዓሣ የሚበላ "አለ" ማለት ይበላል ማለት አይደለም። ይህን ሌላ ክር ላይ እንከራከርበት።

ጋሼ_ናራ

ወንድሜ ተሟጋች፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ አልንቀውም። ማየትና ማምለክ ይለያያሉ ብዬ ነው የማምነው፤ ግን ምርጫው የእናቷ ነው፣ የእኔም የአንተም አይደለም። ልጄ፣ ቀድመሽ ንገሪያት። የምን ቦታ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያምኑ፣ ሳትደብቂ። እዚያ ከደረሱ በኋላ መስማት ነው የሚያስቀይማት። ወደ አዳራሾቹ መግባት ካልፈለገች ውጭ ትቀመጥ። ከኦኩኖይን አብዛኛው ዛፍና መቃብር ነው፣ ለዚያ ጫማ አይወለቅም።

ደግሞ የሚያስገርማችሁ፣ ኦኩኖይን ክልል ውስጥ የክርስቲያን ሐውልት አለ። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ781 የቆመው የምሥራቅ ሶርያ ክርስቲያኖች የድንጋይ ጽሑፍ ግልባጭ ነው። ኤልዛቤት ጎርደን የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪ ናት በ1911 ያስቆመችው። ነገሩ ከየትም የመጣ አይደለም። የዚያን ጽሑፍ ቃል ያዘጋጀው ቄስ ጂንግጂንግ፣ የክርስትና ስሙ አዳም፣ ፕራጅና ከሚባል የቡድሃ መነኩሴ ጋር መጽሐፍ ተርጉሟል። ኩካይ ቻንግአን ሳለ ሳንስክሪት ካስተማሩት አንዱ ያው ፕራጅና ነው። ኩካይ ክርስትናን ተቀበለ ማለቴ አይደለም፣ ጎርደን ግን ሁለቱ እምነቶች ዘመድ ናቸው ብላ እስከ ማመን ደርሳ ነበር። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም።

ተሟጋች

የምሥራቅ ሶርያ ማለት እኮ ንስጥሮሳውያን ናቸው! ጋሼ፣ በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘውን አምጥተው ነው የሚያስታርቁኝ? 😂

ጋሼ_ናራ

ረትተኸኛል፣ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኛል።

ከዲሲ

ይህን ክር ከቨርጂኒያ ሆኜ በፀጥታ ስከታተል ነበር። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሄደን ነበር። ማንም ያልጠቀሰው ነገር የኩባንያዎቹ መቃብር ነው። ከኦኩኖይንማኤ በሚገባው መንገድ ጃፓን ውስጥ ስማቸው የታወቀ ኩባንያዎች ለሞቱ ሠራተኞቻቸው ሐውልት አቁመዋል። ፓናሶኒክ አለ፣ ኒሳን አለ። አንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሮኬት አቁሟል። ዩሲሲ የሚባለው የቡና ኩባንያ ደግሞ የቡና ስኒ አለው። አገሬ ትዝ አለኝና ፎቶ ተነሣሁበት፣ ባለቤቴ "መቃብር ላይ ትስቃለህ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ የምስጦቹ ነው። የምስጥ ማጥፊያ ባለሙያዎች ማኅበር ለገደሏቸው ምስጦች መታሰቢያ አቁሟል። በሰላም ዕረፉ ይላል። ቀልድ አይደለም።

ኪዮቶ_ነዋሪ

እሱ ለፎቶ ያምራል እንጂ የኦኩኖይን ልብ ያለው በአሮጌው መንገድ ነው። ከ200 ሺህ በላይ መቃብር አለ፣ ከላይ ሰማይ ጠቀስ የሱጊ ዛፍ፣ ድንጋዩ ሁሉ ሽበት አውጥቷል። ታሪክ የሚወድ ሰው እዚያ ይውላል። የጦር መሪው ኦዳ ኖቡናጋ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1582 የከዳው አኬቺ ሚትሱሂዴም አለ። በሕይወት ሳሉ ሲዋጉ የኖሩት ታኬዳ ሺንገንና ኡኤሱጊ ኬንሺን መታሰቢያቸው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ፊት ለፊት ቆሟል። ኖቡናጋ እኮ ይህንኑ ተራራ ሊያጠፋ ጦር ያሰለፈ ሰው ነው። ሞተና መቃብሩን እዚሁ ሠሩለት። የሺማዙ ቤተሰብ በ1599 ያቆመው ድንጋይ ደግሞ ኮሪያ ዘመቻ ላይ ለሞቱት ነው፣ ለወገንም ለጠላትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀይ ቅጠል ፍለጋ ኦኩኖይን የሚገባ ሰው አለ። ሱጊ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ያለው ጋራን ዙሪያ ነው፣ በተለይ ጃባራሚቺ የሚሉት ቀጭን መንገድ። ከላይ ሞሚጂው (የጃፓን ሜፕል ዛፍ) ተገጣጥሞ ጣራ ይሆናል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ ጥሩ ነው።

የኦሳካዋ

ሄደን መጣን!! አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። አንድ በአንድ ልንገራችሁ፣ ይረዝማል።

ቀድሜ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "መነኮሳት ናቸው?" አለች። አዎ አልኳት። "ይጾማሉ?" ሥጋም ዓሣም እንቁላልም አይበሉም አልኳት። "እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ" ብላ ነጠላዋን ቦርሳ ውስጥ ከተተች። በአጋጣሚ የሄድንበት ቀን ጥቅምት 14፣ አቡነ አረጋዊ ነበር። ቤት ጸሎቷን አድርሳ ነው የወጣችው፣ ስለዚህ በጃፓን ሰዓት ከ7፡00 በፊት መነሣቱ ለእሷ ምንም አልነበረም። ለእኔ ነበር።

በአጭሩ መንገድ ገባን። የጂዞ ሐውልቶች፣ እነዚያ ቀይ ሽርጥ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸው ትንንሽ ድንጋዮች፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች እንደሚያለብሷቸው ስነግራት ቆመች። እኔ ሳልወለድ አንድ ልጅ ሞቶባታል። ብዙ አልተናገረችም፣ ከዚያ በኋላ ግን ባየቻቸው ቁጥር የተገለበጠ ሽርጥ እያቃናች ነበር። ወይ ጉድ፣ ይከለከል ይሆን ብዬ ዙሪያዬን ሳይ አንዲት የጃፓን አሮጊት ጎንበስ ብላ አመሰገነቻት።

10፡30 ላይ ድልድዩ ጋ ነበርን። ከድልድዩ ወዲያ ፎቶ ክልክል ነው፣ ኮፍያም ይወለቃል። ቢጫ የለበሱ መነኮሳት ሳጥኑን ተሸክመው አለፉ። ኩካይ አልሞተም እንደሚሉ ስነግራት እማዬ ወዲያው "እንደ አቡነ አረጋዊ ተሰወረ ነው የሚሉት?" አለች። በዓላቸው ቀን ላይ መሆናችን ገርሟት መንገዱን ሙሉ ስታወራው ነበር። ተሟጋች እንዳትቆጣ፣ "የእኛ ጻድቅና የእነሱ ሰው አንድ ናቸው አላልኩም" ብላኛለች፣ ይህን ጻፊ ብላ።

የፋኖሶቹ አዳራሽ አልገባችም፣ በር ላይ ሆና አየች። ውስጡ ከጣራ እስከ ወለል ፋኖስ ነው። አንድ ታሪክ ግን ነገርኳት፦ ድሃ ሴት ፀጉሯን ሸጣ አንዲት ፋኖስ ሰጠች፤ ሀብታሙ አሥር ሺህ ሰጠ፤ ነፋስ ሲመጣ የሀብታሙ ሁሉ ጠፋ፣ የእሷ ቀረች። እማዬ ሳልጨርስ "የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም" አለችኝ። የሐሳብ ሌባ ያዝኩ በሚል ድምፅ።

በረጅሙ መንገድ ወጣን። 2 ኪሎ ሜትሩን አንዴም ጉልበቴን አላለችም። ምሳ ላይ ግን አበሳጩን። አንድ ቤት በራፉ ላይ የአትክልት ምግብ የሚል ለጥፏል፣ ሀያት እንዳለችው ዳሺውን ስጠይቅ ዓሣ ነው አሉኝ። ወጣን። ሌላ ቤት ሙሉ ሾጂን አገኘን፣ ውድ ነው ግን ይገባዋል። ጎማ ዶፉውን ቀምሳ "ይሄ ሰሊጥ ነው? በምን አባታቸው እንዲህ አደረጉት?" አለች። አሁን አዲስ አበባ ሄዳ ልትሞክረው ነው።

ከሰዓት ጋራን። ትልቁ ቀይ ግንብ ኮንፖን ዳይቶ 48.5 ሜትር ነው፣ ያሁኑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ተደጋግሞ ተቃጥሏል። ጃባራሚቺ ላይ ቅጠሉ ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ቢጫ ነበር። እኔ ሙሉ ቢቀላ እመርጥ ነበር፣ እሷ ግን እንዲህ ሲደባለቅ ነው የሚያምረው ብላ ተከራከረችኝ። ለዋናው ቤተ መቅደስ ለኮንጎቡጂ ጊዜ አልበቃንም፣ ከደጅ አየነው። ጣራው ላይ የእንጨት በርሜሎች አሉ፤ የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙና እሳት ሲነሣ ጣራውን የሚያርሱበት ነበር። የድንጋዩን አትክልት ቦታ ግን ሳላየው መመለሴ ቆጭቶኛል፣ ጃፓን ውስጥ ትልቁ ነው ይባላል።

ኪዮቶ ነዋሪ፣ ማደር እንደሚሻል አምናለሁ። ግን ሁለታችንም ደስ ብሎን ተመልሰናል።

ኪዮቶ_ነዋሪ

ደስ ብሎኛል። አሁንም እደሩ እላለሁ፣ ደመወዝ ስትይዢ።

ሀያት_ናጎያ

የሽርጡ ነገር እንባዬን አመጣው። እማማን ሰላም በይልኝ።

ተሟጋች

እናትሽ የተናገሩት በቂ ነው። ለእሳቸው አክብሮት አለኝ። የዓሣውን ክር ከፍቻለሁ፣ ኑ።

ከዲሲ

እኛ በሚቀጥለው ዓመት ከወላጆቻችን ጋር ልንመለስ አስበናል። በኅዳር አጋማሽ፣ የታንክስጊቪንግ እረፍት ላይ። ቅጠሉ ይቆይልናል?

ባቡር_ወዳድ

ታንክስጊቪንግ ላይ ኮያሳን ረግፎ ይጠብቃችኋል፣ ብርዱም ይከብዳል። ያን ጊዜ ኪዮቶና ኦሳካ አካባቢ ያለው ሚኖ ናቸው ጥሩ። ኮያሳንን የግድ ካላችሁ በኅዳር መጀመሪያ፣ በሥራ ቀን ኑ። ጥቅምት ላይ የሚመጣ ደግሞ የቲፎን ዜና ይከታተል፤ ከባድ ዝናብ ከጣለ የተራራው መስመር ይቋረጣል፣ ኬብሉም ይቆማል። የመመለሻውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ገና ከኬብሉ ስትወርዱ ፎቶ አንሱት። ማታ ላይ ብዙ አይመላለስም፣ ታክሲም እንደ ልብ አይገኝም።